ታሪክን ከሐድራ የጀመረ መጽሐፍ

ስለ ወሎ እስልምና የሚጽፍ ሰው፣ ቢስማማም ባይስማማም፣ በአንድ መጽሐፍ በኩል ሳያልፍ አይቀርም። ዶክተር ሁሴን አሕመድ በእንግሊዝኛ የጻፉትና የላይደኑ ብሪል ማተሚያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2001 ያሳተመው ይህ ሥራ ርእሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «እስልምና በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ወሎ፣ ኢትዮጵያ፦ መነቃቃት፣ ተሐድሶና አጸፋ» ይባላል። ደራሲው እ.ኤ.አ. በ2009 እስካረፉበት ጊዜ ድረስ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ መምህር ነበሩ። የመጽሐፉ መነሻ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ለበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት የዶክትሬት ጥናት ነው፤ የዚያ ጥናት ርእስ «ሸኾች፣ ነጋዴዎችና ባላባቶች» የሚል ነበር። በጥናቱና በመጽሐፉ መካከል አሥራ አምስት ዓመት ያህል አለ። ይህ ትዕግሥት በሥራው ላይ ይታያል። አንድን ነገር ሳያገላብጡ፣ ከሌላ ምንጭ ጋር ሳያስተያዩ ወደ ብያኔ የማይሄዱ ጸሐፊ ናቸው።

መጽሐፉ የሚተርክለት አገር ዛሬ በአስተዳደር ካርታ ላይ በብዙ ተከፋፍሏል። ደቡብ ወሎ አለ፣ ሰሜን ወሎ አለ፣ መቀመጫውን ከሚሴ ያደረገው የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞንም አለ። በዳዋ ጨፋ፣ በአርጡማ ፉርሲ፣ በጅሌ ጥሙጋ፣ በደዌ ሐረዋና በባቲ የሚኖር ሰው ይህን መጽሐፍ ሲገልጥ የሚያገኘው የሩቅ አገር ታሪክ አይደለም። አያቶቹ የተማሩበትን ቂርኣት ቤት፣ የተጓዙበትን የገበያ መንገድ፣ ለዚያራ የሄዱበትን ሐድራ (የሸኹን የጸሎትና የትምህርት ማእከል) ያገኛል። ሥራውን ከዚህ አካባቢ አንባቢ ዓይን መመዘን የመረጥኩትም ለዚህ ነው። አንድ የታሪክ መጽሐፍ በጥናት ጉባኤ ከሚሰጠው ክብር ሌላ፣ ታሪካቸውን በጻፈላቸው ሰዎች ዘንድ የሚቀርብ ምዘና አለበት።

ዶክተር ሁሴን ብዕራቸውን ሲያነሡ ሜዳው ባዶ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1952 የታተመው የትሪሚንግሃም «እስልምና በኢትዮጵያ» በውጭም በአገር ውስጥም እንደ ዋና ዋቢ ይጠቀስ ነበር። የዚያ መጽሐፍ አመለካከት፣ ባጭሩ፣ የወሎና የየጁ ኦሮሞ እስልምናን የተቀበለው በሰሜኑ መንግሥትና ባህል ላለመዋጥ እንደ መከታ አድርጎ ነው የሚል ነው። ከእርሱ በፊት ደግሞ የአውሮፓ ተጓዦች ማስታወሻዎች ነበሩ። ሚሲዮናዊው ክራፕፍ እ.ኤ.አ. በ1842 ከሸዋ ተነሥቶ በወሎ ሲያልፍ በባላባቱ በአዳራ ቢሌ እጅ ወድቆ ተዘርፏል፤ ተዘርፎ ከወጣ ሰው የአገሩን ሊቃውንት ሚዛናዊ ሥዕል መጠበቅ አይቻልም። የነገሥታቱ ዜና መዋዕሎችም ወሎን የሚያነሡት ዘመቻ ሲኖር ነው። ንጉሡ ይዘምታል፣ አገሩ ይገብራል፣ ጸሐፌ ትእዛዙ ይመዘግባል። በነዚህ ምንጮች ብቻ የተጻፈ ታሪክ የወሎን ሙስሊም ወይ እንደ አመፀኛ ወይ እንደ ግብር ከፋይ ብቻ ቢያሳየን አያስገርምም።

የዶክተር ሁሴን ትልቁ ውሳኔ የጥያቄውን ቦታ መለወጥ ነው። ሃይማኖቱ በማን ላይ ተነሣ ከማለት ይልቅ በማን ተስፋፋ፣ እንዴት ተማሩት፣ ማን ለማን አስተላለፈው ብለው ይጠይቃሉ። ለእኔ ይህ የመጽሐፉ ዋና ብርታት ነው። ሰው ባላባቱን ለመምሰል ወይም ከወራሪ ለመጠለል ሃይማኖት ሊለውጥ ይችል ይሆናል። አንድ ደረሳ (የሃይማኖት ተማሪ) ግን በሰው አገር፣ የመንደሩን ሰው እንጀራ እየበላ፣ ነህውና ፊቅህ (የዓረብኛ ሰዋስውና የእስልምና ሕግ) ለመቅራት ከአንዱ ሸኽ ወደ ሌላው ሸኽ ዓመታት የሚንከራተተው በዚህ ምክንያት አይደለም። የመከታው ንድፈ ሐሳብ ይህን ደረሳ ሊያስረዳው አይችልም። የዶክተር ሁሴን መጽሐፍ ግን ከእርሱ ይነሣል። እ.ኤ.አ. በ1992 ስለ ኢትዮጵያ እስልምና ታሪክ አጻጻፍ ባወጡት መጣጥፍ የቀደሙትን ጸሐፊዎች መርምረው መንገዱን ጠርገው ነበር፤ መጽሐፉ በተጠረገው መንገድ ላይ የተሠራው ቤት ነው።

የሥራው አወቃቀር ግልጽ ነው። ከመልክዐ ምድሩና ከሕዝቡ ይነሣል፣ የእስልምናን አገባብና መስፋፋት ይተርካል፣ ከዚያም በአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያና በአሥራ ዘጠነኛው መጀመሪያ ወደ ታየው መነቃቃት ይሻገራል። የአካባቢ ሥርወ መንግሥታት፣ ንግድና ገበያ፣ በመጨረሻም የማዕከላዊው መንግሥት አጸፋ ይከተላሉ። በውስጡ ግን የቀድሞው ጥናት ሦስት ገጸ ባሕርያት፣ ሸኹ፣ ነጋዴውና ባላባቱ፣ ከዳር እስከ ዳር አብረው ይጓዛሉ። አንዱ ያለ ሌላው የቆመበት ጊዜ ጥቂት ነው። ባላባቱ ለሸኹ መሬት ይሰጣል፤ ሸኹ ለባላባቱ ዱዓና ሕጋዊነት ይሰጠዋል፤ ነጋዴው ኪታቡንም ደረሳውንም ከጨው አሞሌው ጋር ያደርሳል። ሦስቱን በአንድ ዓይን ማየት መቻል የመጽሐፉን ክርክር የሚያስተሳስር ጥበብ ነው።

ከሁሉ የላቀው ክፍል ስለ ሱፊ ጠሪቃዎች መስፋፋትና ስለ ትምህርት ማእከሎቹ የሚናገረው ነው። የጀማ ንጉሥን ማእከል የመሠረቱት ሼኽ ሙሐመድ ሻፊ (እ.ኤ.አ. ከ1743 እስከ 1806 ገደማ)፣ በቃሉ አገር ጌታ የተባለውን ማእከል ያቀኑት ሰይድ ቡሽራ፣ በየጁ የዳና ሸኽ አሕመድ ኢብን አደም፣ እያንዳንዳቸው በዚህ መጽሐፍ ስማቸው ብቻ አይጠራም። ከማን እንደተማሩ፣ ኢጃዛቸውን (የማስተማር ፈቃዳቸውን) ከየት እንዳገኙ፣ የትኛውን ጠሪቃ እንደያዙ፣ እነማንን እንዳፈሩ ይዘረዘራል። ቃዲሪያ በሐረር በኩል፣ ሰማኒያ በሱዳን በኩል ወደ ወሎ የደረሱበት መንገድ በሰው ሰንሰለት ይታያል። በዚህ ዝርዝር ውስጥ አንድ ሐቅ ቀስ በቀስ ጎልቶ ይወጣል፤ ወሎ ከሐረር፣ ከሱዳንና ከሐጅ መንገድ ጋር የተያያዘች፣ ሐሳብ የምትቀበል ብቻ ሳትሆን የምታፈልቅም የእውቀት አገር ነበረች። የመውሊድ በዓል በጀማ ንጉሥ እንዴት ሥር እንደሰደደ የሚተርከው ክፍል ይህንኑ ያጎላል። መውሊዱ ዱዓና መንዙማ ብቻ አልነበረም። አገሩ የሚሰባሰብበት፣ የተጣላው የሚታረቅበት፣ ያልተማረው በጆሮው የሚማርበት ጉባኤ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ አሠራሩ ስልት ማንሣት ተገቢ ነው። ደራሲው የሚጠቀሙባቸው ዋና ምንጮች በዓረብኛ የተጻፉ የሸኾች መናቂቦች፣ የቃል መረጃዎችና የመንግሥት ዜና መዋዕሎች ናቸው። መናቂብ የወልዩን ከራማ (ተአምር) ለማወደስ የተጻፈ ድርሳን ነው፤ ለታሪክ ጸሐፊ ሲሳይም ፈተናም ነው። ታደሰ ታምራት እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተሙት የቤተ ክርስቲያንና የመንግሥት ታሪክ የገዳማቱን ቅዱሳን ገድሎች የመካከለኛውን ዘመን ታሪክ ለመጻፍ እንዴት እንደተጠቀሙባቸው የሚያውቅ አንባቢ፣ ዶክተር ሁሴን ከመናቂቡ ጋር የሚያደርጉት ትግል የዚያ ወንድም መሆኑን ይረዳል። ሁለቱም ከውዳሴው ውስጥ የቦታ ስም፣ የመምህር ስም፣ የባላባት ስም፣ የዘመን ምልክት ለይተው ያወጣሉ፤ ከሌላ ምንጭ ጋር ያገናዝባሉ። የኢትዮጵያ ታሪክ አጻጻፍ ገድልን ማንበብ የተማረው ቀድሞ ነው። መናቂብን በዚያው ጥንቃቄና በዚያው አክብሮት ማንበብ እንዲጀምር ያደረገው በዋናነት ይህ ሥራ ነው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

የንግዱ ክፍል ለከሚሴ አካባቢ አንባቢ የተለየ ጣዕም አለው። ከደጋው እህልና ከብት፣ ከአፋር በኩል ጨው የሚገናኙበት የባቲ ገበያ እስከ ዛሬ ሰኞ ሰኞ ይቆማል። ከሸዋ በአርጎባ አገር አድርጎ በቦርከና ሸለቆና በጨፋ ሜዳ በኩል ወደ ቃሉ የሚወጣው መንገድ፣ ከባሕር ጠረፍ በአውሳ በኩል ከሚመጣው ጋር የሚገናኘው በዚሁ ቆላ ነው። ደራሲው የነጋዴውን ሚና ሲመዝኑ ልከኛ ናቸው። ንግድ እስልምናን አስፋፋ የሚለውን የተለመደ አባባል እንዳለ አይቀበሉም፤ ነጋዴው መንገድ ከፈተ፣ ሸኹ ሰፈረበት፣ ማኅበረሰቡ ተቀበለው ይላሉ። ይህ የሦስት ደረጃ ማብራሪያ ቀላል ቢመስልም፣ ሃይማኖትን የቅፍለት ጓዝ ብቻ አድርጎ ከሚያይ ታሪክ የሚያወጣን ነው።

ስለ ባላባቶቹ የሚናገረው ክፍል ከሌላው ይልቅ የፖለቲካ ታሪክን መልክ ይይዛል፤ የንባብ ፍጥነቱም ይጨምራል። የወረ ሂማኖ ገዥዎች «ኢማም» የሚለውን ማዕረግ መያዛቸው ምን ያህል የእምነት፣ ምን ያህል የሥልጣን ጉዳይ እንደነበር ደራሲው በጥንቃቄ ይመረምራሉ። የዐፄ ቴዎድሮስ የወሎ ዘመቻዎች፣ የወሎ ገዥዎቹ የወይዘሮ ወርቂትና የወይዘሮ መስተዋት ፉክክር፣ ምኒልክ ከመቅደላ ባመለጡ ጊዜ የወርቂት ልጅ በቴዎድሮስ ቁጣ መሞቱ፣ ሁሉም በቦታው አለ። ባላባቶቹ ሃይማኖትን ለሥልጣን ይጠቀሙበት ነበር ማለት ሃይማኖታቸው ውሸት ነበር ማለት እንዳልሆነ መጽሐፉ ያለ ብዙ ጫጫታ ያስረዳል።

ከዚያ የቦሩ ሜዳ ጉዳይ ይመጣል። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ምኒልክ በተገኙበት በቦሩ ሜዳ የጠሩት ጉባኤ የቤተ ክርስቲያንን የሃይማኖት ክርክር ከቋጨ በኋላ ሙስሊሞች በተወሰነ ጊዜ ውስጥ እንዲጠመቁ የሚያዝዝ አዋጅ ተከተለ። ከወሎ ባላባቶች ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል፣ አባ ዋጠው ተጠምቀው ኃይለ ማርያም ተባሉ። የመጀመሪያው ኋላ ንጉሥ ሚካኤል የተባሉት ናቸው። በዚህ ርእስ ላይ ስሜትን መግታት ከባድ ነው፤ ብዙ ጸሐፊ ወይ ዐፄ ዮሐንስን ሊከላከል ወይ ሊከስስ ይቸኩላል። ዶክተር ሁሴን ሁለቱንም አላደረጉም። የንጉሠ ነገሥቱን ፖሊሲ ከውጭ ወረራ ሥጋትና አገርን በአንድ እምነት ለማሰር ከነበረው ሐሳብ አንጻር ያስረዳሉ። ማስረዳት ግን ይቅር ማለት አይደለም፤ የተሰደደውን፣ ቤቱ የተቃጠለውን፣ ቀን ተጠምቆ ሌሊት የሚሰግደውን ሰው ዋጋ አያሳንሱም። የሼኽ ጦልሃ ኢብን ጃዕፈርን ተቃውሞ የሚተርኩት ገጾች በዚህ ሚዛን የተጻፉ ናቸው። ስለ ሼኽ ጦልሃ (እ.ኤ.አ. ከ1853 ገደማ እስከ 1936) ራሱን የቻለ ጥናት እ.ኤ.አ. በ1989 አሳትመው ስለነበር፣ በመጽሐፉ ውስጥ ሰውየው እንደ ጦረኛም፣ እንደ ሊቅም፣ በዓጀም አማርኛን በዓረብኛ ፊደል የጻፉ ባለቅኔም ሆነው ይታያሉ። ይህ ክፍል የመጽሐፉ ከፍተኛ ጫፍ ነው። ፍትሐዊ መሆን ማለት ድምፅ ማጥፋት እንዳልሆነ ያሳያል።

ምስጋናው ከባድ ስለሆነ ወቀሳውም በተመጣጠነ ክብር መቅረብ አለበት።

የመጀመሪያው የቋንቋና የአቀራረብ ጉዳይ ነው። ስድ ንባቡ ንጹሕና ትክክለኛ ነው፤ ነገር ግን በብዙ ቦታ በስም ክምችት ይከብዳል። አንድ አንቀጽ ውስጥ አምስት ሸኾች፣ አራት መንደሮች፣ ሦስት ጠሪቃዎች ሲሰለፉ፣ አገሩን የማያውቅ አንባቢ ይጠፋዋል፤ አገሩን የሚያውቅ ደግሞ ከስሙ በስተጀርባ ያለውን ሰው ለማየት ይናፍቃል። የዶክትሬት ጥናቱ አጽም ከመጽሐፉ ሥጋ ውስጥ አልፎ አልፎ ብቅ ይላል። ሼኽ ጦልሃን ያህል ሕያው ሆነው የወጡ ሰዎች ጥቂቶች መሆናቸው ለዚህ ምስክር ነው። ደራሲው ሕያው ሰው መሳል እንደሚችሉ አሳይተዋል፤ ለዚህም ነው የቀሩት ሸኾች በዝርዝር ውስጥ መቅረታቸው የሚያስቆጨኝ።

ሁለተኛው ከራማን የሚመለከት ነው። ከላይ ያመሰገንኩት ስልት ጥላም አለው። ደራሲው ከመናቂቡ ቀኑን፣ ቦታውንና መምህሩን ወስደው ተአምሩን ብዙ ጊዜ ከጎን ይተዉታል። ለዘመን አቆጣጠር ይህ ትክክል ነው። ሆኖም ከራማው ራሱ የታሪክ መረጃ ነው። አንድ ወልይ ዝናብ አዘነበ፣ ወራሪ ጦር መለሰ፣ ጨቋኝ ባላባት በዱዓው ወደቀ ተብሎ ሲተረክ፣ ማኅበረሰቡ ከሸኹ ምን ይጠብቅ እንደነበር ይነግረናል። ድርቅ ያስፈራው አገር የዝናብ ከራማ ይተርካል፤ ወረራ ያስመረረው አገር ጦር የሚመልስ ወልይ ይፈልጋል። በዚህ ዓይን ቢነበቡ ኖሮ እነዚያ ታሪኮች የገበሬውን ፍርሃትና ተስፋ ያሳዩን ነበር። በመጽሐፉ ውስጥ ሊቁ ጎልቶ፣ ለዚያራ የሚመጣው ሰው ደብዝዞ የታየው በከፊል በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ከዚሁ ጋር የሴቶች ቦታ ይነሣል። ወርቂትና መስተዋት እንደ ገዥ ይታያሉ፤ ይህ በምንጮቹ ውስጥ ስላሉ ነው። ነገር ግን ሐድራውን ያቆመው፣ ቡናውን ያፈላው፣ በወዳጃ ዱዓ ያደረገው፣ ለደረሳው እንጀራ የጋገረው የሴቱ ወገን ቦታው ጠባብ ነው። የተጻፈ ምንጭ እንደማይረዳ እረዳለሁ። የቃል መረጃ ለሚሰበስብ ተመራማሪ ግን በሩ ክፍት ነበር። የሐድራውን ኢኮኖሚ ያለ እነርሱ ማስረዳት አይቻልም፤ ማእከሉን ለትውልድ ያቆየው የሸኹ እውቀት ብቻ አይደለምና።

ሦስተኛው ወቀሳዬ ለከሚሴና ለአካባቢው የቀረበ ነው። የመጽሐፉ ክብደት ወደ ቃሉ፣ ወደ ወረ ሂማኖና ወደ የጁ ያደላል። ደቡብ ምሥራቁ፣ ማለትም ዳዋ፣ አርጡማ፣ ጅሌ፣ የቦርከና ቆላ፣ ከሌሎቹ ሲነጻጸር ይበልጥ የሚታየው እንደ መተላለፊያ ነው። ነጋዴው ያልፍበታል፣ ደረሳው ይሻገረዋል፣ ጦሩ ይዘምትበታል። እንደ እውቀት ምንጭ የሚታይበት ገጽ ግን ከሚገባው ያነሰ ነው። የቋንቋው ጉዳይም ከዚህ ጋር ተያይዟል። የዚህ ቆላ ሰው በአፋን ኦሮሞ ዱዓ ያደርጋል፣ በአፋን ኦሮሞ መንዙማ ይላል፤ በአርጎባ መንደሮቹ በሾንኬና በጦለሃ ደግሞ አርጎብኛ ይነገራል። የመጽሐፉ ምንጮች ሚዛን ወደ ዓረብኛና ወደ አማርኛ ማዘንበሉ የሚያስገርም ባይሆንም፣ የኦሮሞኛው የቃል ግጥም የእምነቱን አገር በቀል መልክ ለማሳየት ምን ያህል ሊያግዝ ይችል እንደነበር ሳስብ ክፍተቱ ይታየኛል። ይህ እስልምና የውጭ ሽፋን ሳይሆን የአገሬው ሰው የገዛ ሥራ ነው ብሎ ለሚከራከር መጽሐፍ፣ በአገሬው ቋንቋ የተዜመው ቃል ዋና ምስክሩ መሆን ነበረበት።

ይህን ክፍተት ደራሲው ራሳቸው ያዩት ይመስላል። መጽሐፉ ከታተመ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2004፣ ስለ ሾንኬው ሼኽ ጀውሀር ኢብን ሐይደር ራሱን የቻለ መጣጥፍ በ«አናል ዴትዮፒ» መጽሔት አሳተሙ። ሾንኬ ከከሚሴ ብዙም ሳይርቅ በተራራ አናት ላይ በድንጋይ ቤቶች የተሠራች የአርጎባ መንደር ናት፤ ወጉ ዕድሜዋን ወደ 900 ዓመት ያደርሰዋል። ሼኽ ጀውሀር እ.ኤ.አ. ከ1837 ገደማ እስከ 1937 በሕይወት የቆዩ፣ ሊቅነትንና ሱፊነትን በአንድነት የያዙ ሰው ነበሩ። አንድ ምእተ ዓመት ያህል የኖረ አንድ መምህር የዐፄ ቴዎድሮስን ዘመቻ፣ የቦሩ ሜዳን አዋጅ፣ የሚካኤልንና የልጅ ኢያሱን ዘመን፣ በመጨረሻም የጣሊያንን ወረራ አይቷል። ይህ ሕይወት በመጽሐፉ መሐል ቢገባ ኖሮ ደቡብ ምሥራቅ ወሎ መተላለፊያ ሳይሆን መድረሻ ሆኖ ይታይ ነበር። መጣጥፉ አጭር ቢሆንም ከመጽሐፉ ጎን ሊነበብ ይገባዋል፤ እንዲያውም ሁለቱን ያላነበበ የደራሲውን ሙሉ ሐሳብ አላገኘም እላለሁ።

«ተሐድሶ» የሚለው የርእሱ መካከለኛ ቃልም ጥያቄ ያስነሣል። መነቃቃቱ በሚገባ ተገልጿል፤ አጸፋውም እንዲሁ። ተሐድሶው ግን፣ ማለትም በሰርግ፣ በለቅሶ፣ በውርስ፣ በፍርድ ምን እንደተለወጠ፣ ከሊቃውንቱ ትምህርት አልፎ ወደ ገበሬው ቤት ሲገባ አይታይም። ሸኹ ሸሪዓን አጽንቶ አስተማረ ይባላል። አባቱ በአገር ልማድ የዳኘውን መሬት ልጁ በምን ዳኘው? ለዚህ መልስ የሚሰጥ ቁሳቁስ ጥቂት ነው። ሜሮን ዘለቀ እ.ኤ.አ. በ2010 ስለ ኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን የሸኮች ችሎት ያሳተመችው ጥናት እዚህ ላይ ይረዳል። በዚያ ጥናት ሸኹ እንደ ዳኛ፣ ሐድራው እንደ ችሎት ይታያል፤ ሰው ጉዳዩን ከመንግሥት ፍርድ ቤት ይልቅ ወደዚያ ይዞ የሚሄድበት ምክንያት ይብራራል። የጥናቱ ዘመን የዛሬው ነው፣ ሥልቱም የማኅበረሰብ ጥናት ነው። ቢሆንም ዶክተር ሁሴን የተዉትን ክፍተት ወደ ኋላ ለመሙላት የሚያስችል መነሻ ይሰጣል። አንድ ወጣት ታሪክ ተማሪ ሁለቱን ሥራዎች አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ የአሥራ ዘጠነኛውን ክፍለ ዘመን የሸኮች ችሎት ቢያጠና ትልቅ ነገር ይሠራል። አንድሬያስ ቬተር እ.ኤ.አ. በ2010 ያሳተሙት የሾንኬና የጦለሃ አርጎብኛ ሰዋስውም፣ ዘርፉ ሌላ ቢሆንም፣ ከዚህች ትንሽ አካባቢ ገና ምን ያህል እውቀት ሊወጣ እንደሚችል ያስታውሰናል።

ይህን ሁሉ ወቀሳ ካቀረብኩ በኋላ ሚዛኑ ወዴት እንዳጋደለ መናገር አለብኝ። ከላይ የዘረዘርኳቸው ጉድለቶች አብዛኞቹ ሊታዩ የቻሉት መጽሐፉ ራሱ ስላሳየን ነው። የሐድራውን ሴቶች የምንጠይቀው ሐድራውን የታሪክ ቦታ ያደረገው እርሱ ስለሆነ ነው። ሾንኬ የት ገባ የምንለው ጀማ ንጉሥንና ጌታን በካርታ ላይ ስላስቀመጠልን ነው። ከእርሱ በፊት ጥያቄው ራሱ አልነበረም። አንድ ሥራ የሚተቸውን ሰው መሣሪያ ሰጥቶ ካስታጠቀ ከፍ ያለ ሥራ ነው። በኢትዮጵያ የእስልምና ታሪክ ውስጥ፣ እስከማውቀው፣ ከውስጥ ምንጮች ተነሥቶ አንድን ክፍለ አገር በዚህ ጥልቀት የመረመረ ከእርሱ የቀደመ መጽሐፍ የለም። አንዳንድ ክፍሎቹ በአዲስ ጥናት ሊስተካከሉ፣ ሊሰፉ ይችላሉ፤ መሠረቱ ግን ጸንቶ ይቆያል።

የሚቀረው የደራሲው ዕዳ ሳይሆን የእኛ ነው። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ተጽፎ በሆላንድ አገር ታትሟል፤ ዋጋውም የከሚሴ መምህር ደመወዝ የሚደርስበት አይደለም። የጀማ ንጉሥ ደረሳ፣ የባቲ ነጋዴ ልጅ፣ የዳዋ ጨፋ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የታሪክ መምህር፣ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ሊያነቡት ይገባል። ወሎ ዩኒቨርሲቲም ሆነ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ በከሚሴ ያለው የዞኑ የባህልና የትምህርት መሥሪያ ቤትም፣ ስለ ሼኽ ጀውሀርና ስለ ሼኽ ጦልሃ ከተጻፉት መጣጥፎች ጋር አንድ ላይ አድርገው ቢያስተረጉሙትና በየትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ቢያኖሩት ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ፣ ብዙ ጥቅም ያለው ሥራ ይሆናል። ትርጉሙ ሲሠራ ሸኾቹ የሚያውቋቸው የቦታና የሰው ስሞች በአካባቢው ሊቃውንት ይታረሙ፤ በየቤቱ ያሉት የዓጀም ጽሑፎችም አይጥና ምስጥ ሳይቀድሙባቸው ይመዝገቡ።